ዓድዋ ፍትሐዊ ጦርነት ከሆነ፣ የወንድሜስ?

የቀለም ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። በደብረ ብርሃን የታሪክ መምህር ነኝ። የዓድዋን በዓል አክብረን ወደ ክፍል በተመለስንበት ሳምንት ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ የውጫሌን ውል እያስተማርኩ ነበር። ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ ብዙ የማትናገር ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ዓድዋ ፍትሐዊ ጦርነት ከሆነ፣ ወንድሜ የሞተበትስ?» አለችኝ። ወንድሟ በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ወደ ግንባር ሄዶ አልተመለሰም። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጠመኔውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ ወዲያው ደወል ተደወለ፤ ልጆቹም ወጡ። ባይደወል ኖሮ ምን እላት እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እምነቴን ልናገር። ፍትሐዊ ጦርነት አለ፤ ዓድዋም አንዱ ነው። ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ በጣሊያንኛው ግን ነገሩን ግዴታ አደረገው። ምኒልክ ይህን ባወቁ ማግስት ክተት አላሉም። ደብዳቤ ጻፉ፣ መልእክተኛ ተቀበሉ፣ ተከራከሩ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን መተዋቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ። የክተት ነጋሪት የተጎሰመው በመስከረም 1888 ዓ.ም. ነው። ከውሉ እስከ ክተቱ ከስድስት ዓመት በላይ አለ። ለእኔ ፍትሐዊ ጦርነት ማለት ይኸው ነው፤ በሩ ሁሉ ተንኳኩቶ ሳይከፈት ሲቀር፣ ቤትህ የገባውን ለማስወጣት ብቻ የምትነሣው።

ግን ልጅቷ የጠየቀችኝ ስለ ዓድዋ አይደለም። ዓድዋን ጋሻ አድርጌ ከጥያቄዋ መሸሽ አልፈልግም። ለአንዲት ልጅ የምነግራትን ነው የምጠይቃችሁ፤ እባካችሁ ይህን እያሰባችሁ ጻፉ።

ዘደብረ ሊባኖስ

መምህር፣ ልጅቷንና ቤተሰቧን እግዚአብሔር ያጽናናቸው።

እኔ ፍትሐዊ ጦርነት የሚለውን ቃል መቀበል ይከብደኛል። ጌታችን ጴጥሮስን «ሰይፍህን ወደ ስፍራው መልስ፤ ሰይፍ የሚያነሡ ሁሉ በሰይፍ ይጠፋሉ» ሲለው፣ ጴጥሮስ ሰይፉን የመዘዘው ማንንም ለመውረር አልነበረም። በሌሊት በጎራዴና በጎመድ የተከበበውን ንጹሕ መምህሩን ለማዳን ነበር። ከዚያ የበለጠ ምክንያት ከየት ይመጣል? ያም ሆኖ አልተፈቀደለትም።

ይህን ስል አርበኞችን መኮነኔ አይደለም። አያቴ ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። ነገር ግን ቅዱስ ባስልዮስ በጦርነት የገደለን ሰው ከነፍሰ ገዳይ ጋር ባይቆጥረውም፣ እጁ ንጹሕ ስላልሆነ ሦስት ዓመት ከቅዱስ ቁርባን እንዲርቅ መክሯል። ይህን ቀኖና ደግሜ ደግሜ አስቤዋለሁ። አባታችን ወታደሩን «ወንጀለኛ ነህ» አላለውም፤ «አበጀህ» ብሎም አልሸኘውም። የግድ የሆነ ጦርነት ይኖራል፤ ንስሐ የማያስፈልገው ጦርነት ግን የለም። ለልጅቷም ወንድሟ በሞተበት ቀን ምንም ነገር ትክክል እንዳልነበረ ብትነግሯት ውሸት አይሆንም።

ዳሞታ

የዓድዋን በዓል ከልቤ አከብራለሁ፤ ልጆቼን ይዤ አደባባይ እወጣለሁ። ግን መምህር «ቤትህ የገባውን ለማስወጣት ብቻ» ያሉትን ይዤ አንድ ነገር ልጠይቅዎት።

እኔ የወላይታ ልጅ ነኝ። ከዓድዋ አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት በፊት፣ በ1887 ዓ.ም.፣ በዚያው ንጉሥ የተመራ ሠራዊት የእኛ አገር ገብቶ ነበር። ካዎ ጦና ተዋግተው፣ ቆስለው ተማረኩ። ያለቀው ሰው፣ የተነዳው ከብት፣ የተጋዘው ምርኮኛ በአያቶቻችን አፍ እስከ ዛሬ ይነገራል። ያን ጊዜ ቤቱን ይከላከል የነበረው ማን ነው?

ይህን የምለው ዓድዋን ለማሳነስ አይደለም። በዓድዋ ሜዳ ልጁን ያልቀበረ የኢትዮጵያ ሕዝብ የለም፤ ድሉ የእኔም ነው። ነገር ግን አንድ ሠራዊት ዘንድሮ ወራሪ፣ በሚመጣው ዓመት ነፃ አውጪ ሊሆን ከቻለ፣ ፍትሐዊነቱ ከሰንደቁ ጋር አብሮ የሚዞር ነገር አይደለም ማለት ነው። ለልጅቷ ይህንንም ይንገሯት።

የቀለም ልጅ

ዳሞታ፣ እውነት ብለዋል፤ ለአሥራ ሁለት ዓመት ሳስተምር ሁለቱን ዘመቻዎች በአንድ ክፍለ ጊዜ ጎን ለጎን አስቀምጬ አላውቅም። በተለያየ ምዕራፍ ስለተጻፉ እኔም ለያይቼ አለፍኳቸው። ይህ የመጽሐፉ ጥፋት ብቻ አይደለም።

እርስዎ በሩን ከከፈቱት እኔም የተውኩትን ላውጣ። በጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ የነበረው የኢጣሊያ ጦር በእቴጌ ጣይቱ ምክር ውኃው ተያዘበት። ከቀናት ጥም በኋላ እጅ መስጠት ሲመጣ፣ ምኒልክ ሻለቃ ጋሊያኖንና ወታደሮቹን ከነመሣሪያቸው በሰላም እንዲሄዱ ለቀቋቸው። ሊፈጇቸው ሲችሉ ለቀቋቸው። ጋሊያኖ ተመልሶ በዓድዋ ተዋጋ፣ በዚያውም ሞተ። ለተማሪዎቼ ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ይላል፤ ደስ ይለኛል።

ድምፄ ዝቅ የሚለው ከድሉ በኋላ ባለው ላይ ነው። ከጣሊያኖች ጋር ተሰልፈው የተማረኩ 800 የሚደርሱ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። የተማረኩት ነጮች በየቤቱ ተመግበው፣ የሰላም ውሉ በአዲስ አበባ ተፈርሞ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ የእኛን ቋንቋ የሚናገሩት፣ በደመወዝ ተቀጥረው የመጡት የባሕር ምላሽ (የዛሬዋ ኤርትራ) ልጆች በድሉ ማግስት አካላቸውን አጡ። ከመካከላቸው ብዙዎች ሞቱ። «ከሃዲዎች ስለነበሩ በሕጉ መሠረት ነው» የሚል መልስ አለ፤ እኔም ለረጅም ጊዜ በዚህ መልስ ነበርኩ። አሁን አልችልም። መሬት ላይ የተከመረ እጅ በዓይነ ኅሊናዬ ይመጣብኛል። ከዓድዋ የበለጠ ፍትሐዊ ጦርነት አላውቅም፤ በዚያው ውስጥ ግን ይህ ተደርጓል።

የሕግ ሰው

ውይይቱን ወደ ሕግ ልመልሰው፤ መምህሩ ሳያውቁት የሕጉን ልብ ነክተውታልና። ጦርነት ሁለት ጊዜ ይዳኛል። አንደኛው ለምን ተነሣህ የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ከተነሣህ በኋላ ምን አደረግህ የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ማለፍ ሁለተኛውን አያሳልፍም።

ለዚህ ከባድመ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በግንቦት 1990 ዓ.ም. ተጀመረ። በ1994 ዓ.ም. የድንበር ኮሚሽኑ ባድመ የኤርትራ ናት ብሎ ወሰነ። ብዙ ሰው ታሪኩ እዚያ ያበቃ ይመስለዋል። ነገር ግን ጦርነቱን በቋጨው የአልጀርስ ስምምነት የተቋቋመው ሌላው ኮሚሽን፣ የካሳ ይገባኛሉን የሚመለከተው፣ በታኅሣሥ 1998 ዓ.ም. ኤርትራ በጦር ኃይል ያን ቦታ መያዟ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር የጣሰ ነበር አለ። መሬቱ የእሷ መሆኑ በኢትዮጵያ ሰላማዊ አስተዳደር ሥር ያለን ቦታ በታንክ ለመውሰድ መብት አይሰጣትም ማለት ነው። በዚህም አላበቃም፤ ያው ኮሚሽን በምርኮኞችና በሲቪሎች ላይ በተፈጸመው በደል ሁለቱንም መንግሥታት ተጠያቂ አደረገ። በአንድ ጦርነት ውስጥ በመሬቱ አንዱ ረታ፣ በአጀማመሩ ሌላው ረታ፣ በአያያዝ ሁለቱም ተረቱ።

በመጨረሻ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች አለቁ። ፍርዱ ከቀብራቸው በኋላ ነው የመጣው።

በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ተቃራኒውን አየን። ኢትዮጵያ ከኢጣሊያ ጋር በተፈጠረው የወልወል ግጭት ግልግል ጠየቀች፣ ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት አለች፣ ጠብ ጫሪ እንዳትባል ሠራዊቷን ከድንበር ሠላሳ ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ሳበች። ጠላት መስከረም 22 ቀን መረብን ተሻገረ፤ የመርዝ ጋዝ በ1925 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ የተከለከለ ሆኖ ሳለ ከአውሮፕላን አዘነበው። በምክንያቱ ንጹሕ የነበረው ወገን ተሸነፈ። ሕጉን የማምንበት ስለሚያሸንፍ አይደለም፤ ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ላይ ቆመው ሲናገሩ የሚጠቅሱት ነገር ስለነበራቸው ነው።

አሥር አለቃ

ጡረታ የወጣሁ ወታደር ነኝ። መጻፍ አልወድም፤ ዲያቆኑ ዘደብረ ሊባኖስ የጻፉት ግን ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም።

በ1986 ዓ.ም. መጨረሻ ከተባበሩት መንግሥታት ጋር ሩዋንዳ ከዘመቱት የኢትዮጵያ ወታደሮች አንዱ ነበርኩ። የደረስነው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጓዶቼ አትግባ ብለውኝ ገባሁ። ሽታውን አልጽፈውም። በወንበሮቹ መካከል አንዲት የሕፃን ጫማ አየሁ፤ ቀይ፣ ማሰሪያዋ በጥንቃቄ በድርብ የታሰረ። እናቲቱ ያን ጠዋት ልጄ ይወድቃል ብላ ያሰረችው ነው። ግድያው ሲጀመር በአገሪቱ ወደ 2,500 የሚጠጋ የሰላም አስከባሪ ነበር። ዓለም ያንን ኃይል ከማጠናከር ይልቅ ወደ 270 እንዲወርድ ወሰነ። በመቶ ቀን ውስጥ ወደ 800,000 ሰው አለቀ። ታዲያ ዲያቆን፣ ያን ጊዜ ሰይፍን ወደ ስፍራው የመለሰው ሰው ጻድቅ ነበርን?

ይህን ብዬ ደግሞ ሌላውን ልናገር፤ አለበለዚያ ግማሹን ብቻ ተናገርኩ ማለት ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በኤርትራው ጦርነት ጾረና ግንባር ነበርኩ። አንድ ለሊት ከምሽጋቸው ስንገባ አንድ ልጅ እግሩን ተመትቶ ወድቆ አገኘሁ። ዕድሜው ከልጄ አይበልጥም። «ማይ፣ ማይ» ይለኛል። ያደግሁት ሑመራ ስለሆነ ትግርኛ እሰማለሁ፤ ባልሰማም ከንፈሩን አይቶ የማይረዳው የለም። ኮዳዬን ሰጠሁት። ሲጠጣ እጁ እጄ ላይ ነበር። በትግርኛ የማን ልጅ እንደሆነ ነገረኝ፤ አገሩም እኔ ካደግሁበት የአንድ ቀን መንገድ ነው። ከጎኔ የነበረው ጓደኛዬ ወንድሙን በዚያው ሳምንት ቀብሯል፤ «ተወው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» አለኝ። አልተውኩትም። ተሸክሜ ወደ ኋላ አደረስኩት። ከእኔ ጋር ለሁለት ሳምንት ያልተነጋገረ ጓደኛ ነበረኝ።

ሩዋንዳ ስሄድ ለምን እንደምሄድ አውቅ ነበር፤ የዘገየነው ግን እኛ ነን። ጾረና ስሄድም የማውቅ መስሎኝ ነበር። አሁን ያ ልጅ በሕይወት ይኑር አይኑር ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ባድመ የማን እንደሆነች ከማወቅ በላይ እፈልጋለሁ።

ዘደብረ ሊባኖስ

አባቴ፣ ተሳስቻለሁ ለማለት ብዙ አልቸኩልም፤ ግን ለጥያቄዎ መልስ የለኝም። ቀይዋ ጫማ ፊት ቆሞ «ሰይፍህን መልስ» የሚል አንደበት የለኝም። የራሴን ጉንጭ ልሰጥ እችላለሁ፤ የሌላውን ሕፃን ጉንጭ ለመስጠት ሥልጣን የሰጠኝ የለም። ይህን ሳላስብ ጽፌያለሁ።

በባስልዮስ ቀኖና ግን እጸናለሁ። እርስዎ ያንን ልጅ ተሸክመው ባወጡበት ሌሊት ያደረጉትን ማንም ንስሐ ግባበት አይልዎትም። የቀረው ሌሊት ግን እንቅልፍ ነስቶዎታል፤ አባቶች ሦስቱን ዓመት የጻፉት ለዚህ ይመስለኛል። ከጦርነት የተመለሰን ሰው በጭብጨባ ብቻ ወደ ቤቱ መስደድ በእሱ ላይ መጨከን ነው።

ወሎዬዋ

ኦሪት ዘዳግም ሃያኛው ምዕራፍ ላይ ከተማ ስትከብብ የሚበላ ፍሬ ያለውን ዛፍ አትቁረጥ የሚል ትእዛዝ እንዳለ ከክርስቲያን ጎረቤቶቼ ሰምቻለሁ። እኛም ዘንድ የመጀመሪያው ኸሊፋ አቡ በክር ጦራቸውን ሲሸኙ ሴትን፣ ሕፃንን፣ ሽማግሌን እንዳይገድሉ፣ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ እንዳይቆርጡ አዝዘዋል። ቁርኣንም የሚዋጓችሁን ተዋጉ፣ ወሰን ግን አትለፉ ይላል።

ስለ ዛፉ የማነሣው በምክንያት ነው። ሰው ሁሉ ስለ ሟች ሲናገር የቀረውን ይረሳዋል። በ2014 ዓ.ም. ጦሩ ባለፈበት የአጎቴ ጓሮ ውስጥ አባቱ የተከለው የብርቱካን ዛፍ ነበር። ማን እንደቆረጠው ስም አልጠራም፤ ወታደር ሁሉ ማገዶ ይፈልጋል። አጎቴ ቤቱ ሲዘረፍ አላለቀሰም፤ ከብቱ ሲነዳ አላለቀሰም። በጉቶው ላይ ተቀምጦ ያለቀሰው ብቻ ትዝ ይለኛል። እነዚያ የጥንት ሰዎች ከሰይፍ ጋር አብረው ስለ ዛፍ ያሰቡት፣ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ሰው እዚያው መኖር እንዳለበት ስላወቁ ነው። ማገዶ ቆራጩ ግን በነጋታው ሌላ አገር ነው።

ነጭ ጋዋን

ነርስ ነኝ። በዚያ ጦርነት ጊዜ በአንድ የሰሜን ከተማ ሆስፒታል ተረኛ ነበርኩ። አልጋ ስላልበቃ ከሁለት ወገን የመጡ ቁስለኞች ጎን ለጎን ተኙ። መጀመሪያ ቀን ፊታቸውን አዙረው ተኙ። በሦስተኛው ቀን ማደንዘዣ ሲያልቅብን ቁስል የማጥበው እንዲሁ ነበር፤ አንደኛው ሲጮኽ ሌላው እጁን ዘርግቶ ያዘለት። ምንም አልተነጋገሩም።

እናንተ ፍትሐዊ ነው አይደለም ትላላችሁ፤ መከራከሩ ይገባል፣ አልቃወምም። እኔ ጋ ሲመጡ ግን ልብሳቸውን በመቀስ ቀድጄ ስጥለው ማን የየትኛው እንደሆነ የሚነግረኝ ነገር አብሮ ይሄዳል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እዚህ አሜሪካ ሆኜ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ሰልፍ ወጥቻለሁ፣ ገንዘብ አዋጥቻለሁ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ «እስከ መጨረሻው» ብዬ ጽፌያለሁ። የጻፍኩበት ሰዓት ልጆቼ በላይኛው ክፍል ተኝተው ነበር። መጨረሻው ምን እንደሆነ የማየው እኔ አልነበርኩም።

ለዚህ ክር የማመጣው አንድ ነገር ነው። የጦርነትን ፍትሐዊነት የሚመዝን ሰው ከዋጋው የሚደርስበትን ድርሻ አስቀድሞ ይናገር። በዓድዋ ዘመን ንጉሡም እቴጌይቱም በጦር ሜዳ ነበሩ፤ ክተቱን ያለው ራሱ ዘመተ። የእኔ ክተት ግን ለሌላ ሰው ልጅ ነበር። ልጅቷን ሳስብ ያፈርኩት በዚህ ነው።

የሕግ ሰው

ወንድሜ፣ ሐቀኝነትህን አከብራለሁ። ግን ዋጋ የማይከፍል ሰው አይፍረድ ካልን በሩዋንዳ ጊዜ ዝም ያለውንም ዓለም ነፃ ልናወጣ ነው። ሩቅ ያለ ሰው መፍረድ አለበት፤ ቅስቀሳና ፍርድ ግን ይለያያሉ።

የቀለም ልጅ

ትናንት ከትምህርት በኋላ ከልጅቷ ጋር ተቀመጥን። ከዚህ ክር ያገኘሁትን አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት፤ ወላይታንም፣ የተቆረጡትን እጆችም፣ የባድመን ፍርድም።

ስለ ወንድሟ ጦርነት እኔ የማምነውን ነገርኳት። በ2012 ዓ.ም. ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች መቀሌ ድረስ ሄደው ሁለቱንም ወገን ለምነው ነበር። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ተኩስ ተከፈተ። የሰላም ስምምነቱ ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ሁለት ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው። ማን ጀመረው የሚለው ክርክር ከባድ ነው፣ ትርጉምም አለው፤ የተኛን ወታደር መውጋትና ወጊን መመከት እኩል አይደሉም። ነገር ግን በመጨረሻ የተቀመጡበት ጠረጴዛ በመጀመሪያውም ነበር። ሳይቀመጡበት ያለፉት ሁሉ ከሁለቱም ወገን በወንድሟ ደም ይጠየቃሉ ብያታለሁ። ወንድሟ ግን አገሬ ጠራችኝ ብሎ የሄደ የሃያ ዓመት ልጅ ነው፤ የጦርነቱ ፍርድ የእሱ ፍርድ አይደለም። በዚህ ላይ አላመነታሁም።

ሰምታኝ ዝም አለች። ከዚያ የጠየቀችኝ ስለ ፍትሕ አልነበረም። «የት እንደተቀበረ የሚያውቅ ሰው ይኖራል?» አለችኝ። መርዶው የደረሳቸው ስሙን ብቻ በያዘ ወረቀት ነው፤ ሌላ ነገር የነገራቸው የለም። እናቷ እስከ አሁን ማታ ማታ በሩን ሳትቀረቅር ታድራለች።

አሥር አለቃ

መምህር፣ የክፍለ ጦሩን ቁጥርና የዘመተበትን ወር በውስጥ መስመር ይላኩልኝ። ስሙን እዚህ አይጻፉ። በዚያ ግንባር የነበሩ ያሠለጠንኳቸው ልጆች አሉ፤ ዛሬውኑ መደወል እጀምራለሁ።